ሰው የሌለበት ሐይቅ

ሰኔ 12 ቀን 1972 ዓ.ም.

ዛሬ ቀበሌያችን ሳሙና ስላለቀበት ደብተር አደለን። ለአንድ አባወራ አንድ ደብተር። ወረፋው ላይ ጎረቤቴ ውዴ ነበረች፤ ከፋብሪካ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ፣ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ ሽበት ተነስንሶ። «በዚህ ነጠላዬን ላጥብበት?» ብላ ባለ ሱቁን ጠየቀችው።

«ጻፊበት» አላት።

«ምን ብዬ?»

«ሳሙና የለም ብለሽ።»

ውዴ ለመጻፍ ጊዜ የላትም፤ የእሷንም ደብተር ለእኔ ሰጠችኝ። እነሆ እኔ ዘይነት ሙሀመድአወል፣ ዕድሜዬ ሃያ ስምንት፣ ባል የለኝ፣ ሥራዬ ፎቶ ማንሣት፣ የሁለት አባወራ ራሽን ይዤ ወደ ሥነ ጽሑፍ ገባሁ። ልብሴ ባይነጣ ኅሊናዬ ይንጣ።

ሰኔ 15

አለቃ መርስዔ ኀዘን «ድርሳን ሲጀመር ትውልድ ይቆጠራል» ይሉ ነበር። ልቁጠር። አባቴ ሐጂ ሙሀመድአወል የወረታ ነጋዴ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ቡና ጭነው ቀይ ባሕርን ተሻገሩና ኤደን ወደብ ላይ ሱቅ ከፈቱ፤ እኔም እዚያው ተወለድሁ። አማርኛ እንዳይጠፋብኝ ፊደል ያስቆጠሩኝ እኒሁ አለቃ መርስዔ ኀዘን ናቸው፤ በምን ኃጢአታቸው እንደ ሆነ ሳይታወቅ ከጎንደር ደብር ተነሥተው ኤደን ላይ የመርከብ ጭነት ይቆጥሩ የነበሩ ደብተራ። የእስላም ልጅ ሆኜ ግዕዝ የሚያዳልጠኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ሥዕልን ደግሞ ከሱቃችን ጎን ከነበረ ህንዳዊ ፎቶ አንሺ ተማርሁ። ከደንበኛው ኋላ የሚሰቀለውን መጋረጃ ራሱ ይስል ነበር፤ ቡሩሽ እያጠብሁለት እጄ ለመደ።

ከዚያ ኤደን ላይ መንግሥት ተለወጠ፤ ሱቁ ተወረሰ። አባባ «አገሬ ብገባ ማን ይነካኛል?» አሉ። እናቴ እዚያው ቀረች፤ መቃብር ባሕር አይሻገርም። በ1965 ባሕር ዳር ገብተን ሁለት ቤት ገዙ። በ1967 አንደኛው «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወረሰ። ከአንድ ውርስ ሸሽቶ፣ ለመርከብ ከፍሎ፣ ሌላ ውርስ የተቀበለ ሰው ከአባቴ በቀር አላውቅም። ፎቶ ቤታችን ያለው በዚያችው ትርፍ ቤት ነው፤ የገዛ ቤታችንን ከቀበሌው ተከራይተን። አባባ በሩ ላይ ይቀመጣሉ። ሰው ሲመጣ «እንኳን ወደ ቤቴ መጣህ» ይሉና ጥቂት አስበው «ወደ ቀበሌው ቤት ማለቴ ነው» ብለው ያርማሉ።

ጉንፋን ይዟቸዋል። የክረምት መግቢያ ነው።

ሰኔ 22

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ጣና ተሰቅሏል። አራት ሜትር አቡጀዲ፣ የዘይት ቀለም። ሰው ከቤቱ መውጣት በፈራባቸው በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሳልሁት። ውኃ አለበት፣ ሰማይ አለበት፣ ደንገል አለበት፣ ሩቅ ላይ ዛፍ የለበሰች ደሴት አለችበት። ወፍ የለም። ታንኳ ቀዛፊ የለም። ጉማሬ የለም። አባባ «ነፍስ ያለውን መፍጠር ያንቺ ሥራ አይደለም» ብለው ከልክለውኛል። ስለዚህ ሐይቄ ሰው የሌለበት ነው፤ ሰውን ደንበኛው ራሱ ይዞ ይመጣል። አባባ ግን አንድም ቀን ተቀምጠውበት አያውቁም። በሕይወታቸው አንዴ ለሐጅ ፓስፖርት ተነሥተዋል፤ እሱንም ዓይናቸውን ጨፍነው።

ዛሬ ከዱርቤቴ ሙሽሮች መጡ። ሙሽራው የፎቶ ቤቱን ኮት ለበሰ፤ እጅጌው እስከ ጣቱ ጫፍ ደረሰለት። ሙሽሪት ባንቺአየሁ ሐይቁን አየችና «ይኼ የት አገር ነው?» አለች።

«ጣና ነው እንጂ!»

«ጣናንማ አሁን አልፌው መጣሁ። እሱ ወተት የነካው ሻይ ነው የሚመስል። ይኼ የተኳለ ነው።»

«ዝም በይ፣ የተኳለው ይሻለናል» አላት ባሏ።

ውዴም ይህንኑ ትለኛለች፤ «ውኃሽ ሰማያዊ በዛበት።» የሰው ዓይን የተለያየ ነው። እኔ እንዲህ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ሰኔ 27

ደብዳቤ!!

ከአዲስ አበባ። ከአንዳርጋቸው። ነገ እጽፋለሁ።

ሰኔ 28

ተረጋግቻለሁ። አንዳርጋቸው በሚያዝያ ከኪነት ቡድን ጋር የመጣ፣ አዲስ አበባ በአንድ ቴያትር ቤት የመድረክ ጀርባ የሚስል ሰው ነው። ያን ጊዜ ፎቶ ልነሣ ብሎ ገባና ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ ሐይቁ፣ ጀርባውን ወደ ካሜራው አድርጎ ተቀመጠ። «እንዲህ አንሺኝ» አለኝ። አባባ ከበር ሆነው «ይኼስ ዕዳ አለበት፣ ፊቱን ይሸሽጋል» አሉ። ለካ ሐይቁን እያየ ነበር።

አሁን እንዲህ ይላል፦ ቴያትር ቤቱ የመድረክ ሠዓሊ ይቀጥራል። ፈተናው መስከረም 22 ነው። «ሥራሽን ራሱን ጠቅልለሽ ይዘሽ ነይ፤ ፎቶው አይበቃም።»

ሥራዬ ያቺው አንድ ጨርቅ ናት።

ለአባባ አነበብሁላቸው። «ቴያትር ማለት ሰው ያልሆነውን ሆኖ የሚውልበት ነው?» አሉ። አዎን አልኋቸው። «ታዲያ ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደሽ? የቀበሌው ስብሰባ ብትሄጂ አይበቃም?» ከሳቁ በኋላ ሳል ያዛቸው፤ ብዙ ቆየ።

ሐምሌ 2

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ዳኘው ፎቶ ቤቱን ጎበኘ። ቀድሞ የስፖርት መምህር ስለነበር ነገሩን ሁሉ እየቆጠረ ነው የሚናገረው።

«ጓዲት ዘይነት! አንድ፦ ነዋሪው ሁሉ ፎቶ ያለበት አዲስ መታወቂያ ያወጣል። ሁለት፦ ፎቶውን አንቺ ታነሺያለሽ። ሦስት፦ እስከ መስከረም ሁለት። አራት፦ ጀርባው ነጭ ይሆናል።»

«ሐይቅ ቢሆንስ ጓድ ሊቀ መንበር?»

«አብዮቱ ሐይቅ ዳር አይዝናናም።»

ሰባት መቶ ሰው! ውዝፍ ኪራያችን፣ ጤፉ፣ የአባባ መድኃኒት፣ ሁሉም ከዚህ ይወጣል። ቤታችን ከዓረፋ በፊት በግ ሲያርድ በሐሳቤ አየሁት። ደስ ብሎኛል። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛል።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ነጭ ጨርቅ ፍለጋ ገበያውን አካለልሁት። አቡጀዲ የለም። የቀበሌው ሱቅ፦ የለም። ወረታ ያለችው የአክስቴ የመዲና ሱቅ፦ «ልጄ፣ አቡጀዲ ካየሽ ለእኔም ንገሪኝ» ብላ ላከች። ጥጥ የሚፈተልበት ከተማ ውስጥ ተቀምጬ ነጭ ጨርቅ አጣሁ። ውዴ «ዓሣውም ውኃ ሲጠማው እንዲህ ነው» አለችኝ።

ሐምሌ 8

ረመዳን ገባ፤ ሁለተኛ ቀን። አባባን ያስላቸዋል፤ መጾም የለብዎትም ብላቸው «ታማሚ ነኝ ወይ?» ብለው ተቆጡ። አይደሉም አልሁ።

መላ አገኘሁ። ሐይቁን ገልብጬ ሰቀልሁት። ጀርባው ነጭ ነው! ጣናን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርሁት፤ ትምህርት ቤት እንዳጠፋ ተማሪ።

ሐምሌ 11

አርባ ሰው አነሣሁ። የመጀመሪያው ጓድ ዳኘው ነበር፤ ደረቱን ነፍቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ፊቱ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ።

ሐምሌ 14

ያ ራሕማን።

ከጨለማ ክፍል አሁን ወጣሁ። የሐይቁ ዘይት ባለፉት ዓመታት ወደ ጀርባ ሰርጎ ኖሯል። በዓይን ሲያዩት ነጭ ነው፤ ካሜራ ግን ከዓይን ይልቅ ሐሜተኛ ነው። በአርባዎቹም ሰዎች ፎቶ ላይ የውኃው መስመር ከግራ ጆሮ ገብቶ በቀኝ ጆሮ ይወጣል። ይህን ማንም አያስተውለውም ነበር። ነገር ግን ጓድ ዳኘው ቁመቱ ረጅም ነው። ቁመቱ ረጅም በመሆኑ ራሱ ደሴቷ ዘንድ ደረሰ። የደሴቷ ዛፎች ሾጠጥ ሾጠጥ ብለው፣ በትክክል፣ ያለ አንዳች መዛባት፣ በአናቱ ላይ ተቀምጠዋል።

ሊቀ መንበራችን ዘውድ ጭኗል።

ሐምሌ 16

ተጠራሁ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ደሴት ነው ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ደሴት በራሴ ላይ ምን ትሠራለች?»

«ከነዛፎቿ ነው።»

«ይህ ዛፍ አይደለም። ይህ...» ቃሉን ሊያወጣ ግራ ቀኝ አየ፤ መልሶም ዋጠው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስንት ሰው አይቶታል?»

«እኔና አላህ።»

«አላህስ ግድ የለም» አለና ላቡን ጠረገ። «አንድ፦ ሁሉም እንደገና ይነሣል። ሁለት፦ እስከ ነሐሴ አሥር ነጭ ጀርባ ካልተገኘ ሥራው ለሌላ ፎቶ ቤት ይሰጣል። ሦስት፦ ይህ ፎቶ አሁን እፊቴ ይቀደዳል።»

ልቀደው እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን አንዴ አየው። ደግሞ አየው። ከዚያ በደረት ኪሱ ከተተና ቁልፉን ቆለፈ። «እኔው እቀደዋለሁ» አለ።

ሐምሌ 17

ዛሬ ከአፍጥር በፊት ሐይቅ ዳር ወርጄ ዋርካው ሥር ተቀመጥሁ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከዘጌ እንጨት የጫነ ታንኳ መጣ፤ ቀዛፊው ቁሞ የሚራመድ ይመስል ነበር፣ በውኃው ላይ። ከዚያ ጉም ወረደና ታንኳውን ዋጠው፤ ሰውዬውን ዋጠው፤ የመቅዘፊያው ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ጠብ፣ ጠብ። ድምፁን እንዴት ይስሉታል? አንዳርጋቸውን እጠይቀዋለሁ ብዬ አሰብሁ። ከዚያም መድረኩን አየሁት፤ ትልቅ፣ ጨለማ፣ የእኔ ጉም ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥሎ፣ ሰዎች እየወጡበት እየገቡበት። ነፍስ ያላቸው ሰዎች። እኔ ሳልፈጥራቸው።

ስመለስ አፍጥር አልፏል። አባባ ቴምራቸውን ይዘው ሳይበሉ ጠብቀውኛል። ለአንድ ታንኳ ብዬ የታመመ ሰው አስርቤ፤ እንዲህ ያለች ልጅ ናት ቴያትር ቤት የምትፈለገው! ያልታመመ ሰው ማለቴ ነው።

ሐምሌ 22

ኖራ ገዛሁ። የሐይቁን ጀርባ ኖራ ቀባሁት። እንደ ጥርስ ነጣ። ሊቅ ነኝ።

ሐምሌ 23

ደደብ ነኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ጣሪያው አፈሰሰ፤ ኖራው ሳይደርቅ በጨርቁ አልፎ ወደ ሥዕሉ ገባ። ገልብጬ አየሁት። ሰማዩ ገረጣ። ደሴቷ ግማሽ አካሏ የለም። ሐይቄን ዓይነ ሞራ ሸፈነው። ሦስት ዓመት ያየሁት ሰማያዊ በአንድ ሌሊት ሄደ።

ውዴ ደረቷን መትታ «የሰው ዓይን ነው የበላሽ! ክታብ አሠሪ» አለችኝ። እኔ በዓይን አላምንም፤ በኖራ አምናለሁ። ሰው አንድ ነገር ስለሰቀለ ወይም ስላወረደ ዕጣው ይለወጣል ብሎ ማመን የመሃይም ነገር ነው አልኋት። ተቀየመችኝ።

ሐምሌ 27

የኖራው ጀርባ ላይ አሥር ሰው ሞከርሁ። ኖራው ይረግፋል። ወጣት ሆነው ገብተው ሽማግሌ ሆነው ወጡ። አንዱ «መታወቂያዬ ላይ ዕድሜዬን አስተካክሉ» ብሎ ቀለደብኝ።

አልሳቅሁም።

ነሐሴ 1

ውዴ ዛሬ የፍልሰታን ጾም ያዘች፤ ታርቀናል። እኔም ጾመኛ፣ እሷም ጾመኛ። በግቢያችን በቀን የምትበላ ዶሮዋ ብቻ ናት፤ እሷም ኮርታብናለች።

ነጭ ጨርቅ የለም። የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው።

ነሐሴ 4

ይህን ቀስ ብዬ መጻፍ አለብኝ።

አባባ ከዙሁር ሰላት በኋላ ጠሩኝ። ከኤደን የመጣውን ሳጥን ከፍተው ከፊቱ ተቀምጠዋል። ሳጥኑ ሲከፈት የሰንደል ሽታ መጣ፤ እናቴ የገባች መሰለኝ። ከሥር አንድ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አወጡ። እንዲህ ያለ ነጭ አይቼ አላውቅም።

«ይኼን ስቀይው» አሉኝ።

«አባባ! ይኼማ ከፈንዎ ነው!»

«ነጭ ነው ወይስ አይደለም?»

«መካ ድረስ ይዘው ሄደው በዘምዘም ውኃ ያጠቡት!»

«እንግዲያውስ ንጹሕ ነው። ሊቀ መንበሩ ከዚህ የነጣ አይጠይቅም።»

«መሞቻ ልብስዎን ምስማር ልመታበት?»

ሳቁ። ሳሉ። እንደገና ሳቁ። «ስሚ ዘይኑ። ከኤደን ስንወጣ ሱቁን ወሰዱ። እዚህ ስንገባ ቤቱን ወሰዱ። ይኼን ግን ማንም አልነካብኝም፤ ለምን? ማንም አይፈልገውማ። እኔም ለጊዜው አልፈልገውም። ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ብል ከሚበላው ይሥራ። እኔስ ስሠራ አይደል የኖርሁት?»

አራት ምስማር መታሁ። እጄ የከበደኝ በአራተኛው ነው።

ነሐሴ 6

ዒድ። ፎቶ ቤቱ ዝግ። ጨርቁ ብቻውን ውሏል።

ነሐሴ 11

ጓድ ዳኘው ሁለተኛ ተነሣ። ጨርቁን በጣቱ ዳሰሰ። «ይኼ ነው ነጭ! ከየት አመጣሽው?»

«ከመካ» አልሁት።

«ቀልደኛ ነሽ» አለና ሳቀ።

ቀበሌው ሁሉ እየመጣ ይቀመጥበታል። የሠራተኛ ማኅበሩ፣ የሴቶች ማኅበሩ፣ የሴቶች ማኅበሩ ባሎች። ኮሌታ ያቀናሉ፣ ቅንድብ በምራቅ ያስተኛሉ። አባባ በር ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን «እንኳን በደኅና ገባህ፤ እንኳን በደኅና ወጣህ» ይላሉ። ከእኔና ከእሳቸው በቀር ከምን ፊት ተቀምጠው እንደሚስቁ የሚያውቅ የለም። ውዴ እንኳ «አንቺ፣ እዚህ ጨርቅ ፊት ስቀመጥ ልቤ ረጋ አለልኝ» አለችኝ።

ነሐሴ 15

አባባን ሐኪም ቤት ወሰድኋቸው። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳመጠ፣ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየ። እሳቸውን «ይውጡ» አላቸው፤ እኔን «ቁጭ በይ» አለኝ።

የነገረኝን እዚህ አልጽፍም፤ ደብተሩ በራሽን ነው።

ጉንፋን ነው።

ነሐሴ 24

ጓድ ዳኘው በሥራዬ ረክቷል። በቀበሌው መዝገብ ቤት አንድ ቦታ አለ፤ ቋሚ፣ የወር ደመወዝ፣ ከጥቅምት አንድ ጀምሮ። «አንድ፦ ወንበር አለው። ሁለት፦ ጡረታ አለው» አለኝ።

ውዴ እልል አለች። «ያዢው! ደመወዝ እንደ ባል አይደለም፤ በየወሩ ይመጣል።»

«ሥዕሉስ?»

«ሥዕል ልጅ እንደ ማጥባት ነው፤ ካልጠገብሽ አይወርድልሽም። መጀመሪያ ብዪ።»

ጓድ ዳኘውን እሺ አልሁት። ለአባባ አልነገርሁም፤ ረስቼው ነው።

ነሐሴ 26

ለአንዳርጋቸው የእንቢታ ደብዳቤ ጻፍሁ። ምክንያቶቼ ሦስት ናቸው፤ ከሊቀ መንበሩ ጋር ስውል መቁጠር ለምጃለሁ። አንድ፦ መንገዱ ጭቃ ነው። ሁለት፦ ሥራዬ ተበላሽቷል። ሦስት፦ አውቶቡስ ያዞረኛል። አራተኛ የለም። አባባ ወደ መስጊድ ሲሄዱ ፖስታ ቤት እንዲያስገቡልኝ ሰጠኋቸው። ፖስታውን በእጃቸው መዘኑት። «ቀላል ነው» አሉ።

ጳጉሜን 3

በህልሜ ሥዕሉ ውስጥ ገባሁ። ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፤ ሞቅ ያለ። በእግሬ እየሄድሁ ደሴቷን ዞርኋት፤ ከኋላዋ ኤደን ወደብ ናት። ህንዱ ከመርከብ ማሰሪያው ዳር ካሜራውን ተክሎ «አትንቀሳቀሺ» ይለኛል። አለቃ መርስዔ ኀዘን የሰዎችን ጥላ እየቆጠሩ ወደ ታንኳ ይጭናሉ። «የአባትሽ ጥላ ጎደለ» አሉኝ። ቤት ነው ያለው አልኋቸው፤ ቤት በር ላይ ነው የተቀመጠው።

ነቃሁ። አባባ ይስላሉ። እንኳንም ሳሉ።

መስከረም 2 ቀን 1973

ሰልፍ። ዝናብ። የሰንደቁ ቀለም ለቆ የተሸካሚው ፊት ቀላ። መታወቂያው ለአብዛኛው ሰው ደርሷል። ገጠር የከረሙና ዘግይተው የሚመዘገቡ ስላሉ ግን ቀኑ እስከ ታኅሣሥ ተራዘመ። ጓድ ዳኘው ትእዛዝ ሰጠ፦ «ያ ጨርቅ ከግድግዳው እንዳይወርድ!»

መስከረም 10

ከመዝገቡ ያልተነሡት ሲጠሩ አንዱ «ሐጂ ሙሀመድአወል» ሆኖ ተገኘ። በሩን እየጠበቁ ሰባት መቶ ሰው አሳልፈው እሳቸው አልገቡም።

ዛሬ ገቡ። በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ጨርቁን ዞር ብለው አዩት፤ እንደ ቆየ ጓደኛ ራሳቸውን ነቀነቁለት።

«ሰው ሁሉ ከኋላው አድርጎት ይነሣል። ደግ ነው። ከፊቱ ቢሆን ማን ይስቅ ነበር?»

«ቀና ይበሉ አባባ። ዓይንዎን አይጨፍኑ።»

አልጨፈኑም። አነሣኋቸው። ይነሣሉ ስል እዚያው ቁጭ ብለው ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ወደ ቆመው ሐይቄ በአገጫቸው ጠቆሙኝ።

«እሱንም ዘርጊው።»

«ተበላሽቷል እኮ።»

«ዘርጊው አልሁሽ።»

በወዲያኛው ግድግዳ ሰቀልሁት። ከሐምሌ ወዲህ አላየሁትም ነበር። አባባ ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ይኼ ጉም ነው» አሉ።

«ኖራ ነው አባባ።»

«ጉም ነው። ስሚኝ፤ የዱሮው የኤደን ባሕር ነበር። እንዳይከፋሽ ብዬ ዝም አልሁ እንጂ ስገባ ስወጣ ጨው ይሸተኝ ነበር። እናትሽ ያረፈችበት ዳርቻ ነው የሳልሽው። አሁን ግን...» ወደ ደሴቷ ጠጋ አሉ፤ ግማሽ አካሏ ኖራ ውስጥ የጠፋው ጋ። «አሁን ጣና ሆነ። እዚህ ደረስሽ።»

በርጩማቸውን ራሳቸው ተሸከሙና ሐይቁ ፊት አስቀመጡት።

«ሐይቅሽ ሰው ያንሰዋል።»

«ነፍስ ያለው አይገባበትም ያሉኝ እርስዎ!»

«አትሳዪ አልሁ እንጂ አልቀመጥበትም አልሁ?»

ጉሙ ውስጥ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ገልጠው። አንድ ፊልም ነበር የቀረኝ፤ ካሜራውን እስካስተካክል ጠበቁኝ።

መስከረም 12

ፎቶውን አጥቤ ሰጠኋቸው። «በሳጥኔ አስቀምጪልኝ» አሉ። ሳጥኑን ከፈትሁ። ከፈኑ የነበረበት ቦታ ላይ፣ በዚያው እጥፋት ልክ፣ ደብዳቤዬ ተኝቷል። ለአንዳርጋቸው የጻፍሁት። አልተላከም።

«ፖስታ ቤት ዝግ ነበር?» አልኋቸው።

«ክፍት ነበር። ቀላል ነው አላልሁሽም? እውነት የሌለበት ደብዳቤ አይከብድም። የመዝገብ ቤቱንም ወሬ ከውዴ ሰምቻለሁ።»

«አባባ፣ መንገዱ ጭቃ ነው።»

«ቀይ ባሕርስ ደረቅ ነበር?»

ከዚህ በኋላ ያልኋቸውን አልጽፍም። ሐኪሙ ያለኝን ነገርኋቸው። ያውቁ ኖሯል።

መስከረም 15

የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ሄድሁ። ከሊቀ መንበሩ ቢሮ በፊት ሚስቱን የሺአረግን ገበያ አገኘኋት። «ጓድ ዳኘውን እንዴት አድርገሽ ብታነሺው ነው?» አለችኝ፤ «አንዱን ፎቶ በመስታወት አስገብቶ መኝታ ቤት ሰቅሎታል። ማታ ማታ ያየዋል።»

ቢሮ ገባሁ።

«ሥራ ተሰጥቶሽ ወዴት ነው የምትሄጂ?»

«ፈተና አለብኝ፤ አሥር ቀን ነው።»

«አንድ፦ ዘግይተው የሚነሡ አሉ። ሁለት...»

«ያቺ ፎቶ እንዴት ከረመች ጓድ ሊቀ መንበር?»

ሁለትን ሳይጨርስ ማኅተሙን መታ። ሆኖም ክፉ ሰው አይደለም። በር ላይ ስደርስ ጠራኝና «ቦታሽን እስከ ጥቅምት አንድ አቆይልሻለሁ። ካለፍሽ አለፍሽ። ካላለፍሽ ወንበር አለሽ» አለኝ። ከዚያ ጠረጴዛውን እያየ፣ «ደሴቷን እዚያም ሳያት» አለ።

መስከረም 17

ቀበሌው ሳሙና አደለ! ውዴ ሮጣ መጣች፤ «ያን ነጭ ጨርቅ አውርጂና ላጥብልሽ፤ የሰባት መቶ ሰው ትንፋሽ አለበት።» ጨርቁ ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ነገርኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች፤ ያገኘችው የደንበኛውን በርጩማ ነበር፤ ከተቀመጠች በኋላ አስታወሰችና ብድግ አለች።

አክስቴ መዲና ከወረታ መጥታለች፤ ከአባባ ጋር ትቆያለች።

መስከረም 19፣ አውቶቡስ ተራ

በችኮላ። ገና አልነጋም። ሐይቁ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጣሪያ ላይ ታስሯል፤ ረዳቱ «ምንድን ነው?» ሲለኝ «ጣና» አልሁት፤ «ትርፍ ዕቃ» ብሎ አስከፈለኝ። ትርፍ መባል ለቤተሰባችን አዲስ አይደለም።

ሌሊቱን አባባ ብዙ ሳሉ። ልብሴን ለብሼ፣ ሻንጣዬን ይዤ በራቸው ላይ ቆምሁና «አልሄድም» አልሁ።

«ለምን?»

«እኔ ሳልኖር...» አልጨረስሁትም።

በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። «ልሙት ብልስ በምን እገነዛለሁ? ከፈኔ ሥራ ላይ ነው። እስከ ታኅሣሥ ከግድግዳው እንዳይወርድ ተብሏል፤ የመንግሥት ትእዛዝ ነው። አንቺ ቀልዱን ከማን የወረስሽው ይመስልሻል? ሂጂ።»

ሳምኋቸው። ትኩሳት አላቸው።

ሞተር ተነሣ። ውዴ ከመስኮቱ ሥር ቆማለች፤ ዛሬም ከሌሊት ተራዋ፣ ጥጥ በፀጉሯ። አጎንብሼ እጇን ያዝሁት። በማርያም ማይ አልኋት፤ እኔ የሐጂ ሙሀመድአወል ልጅ፣ በዓይን የማላምነው።

«ምን ብዬ?»

«ማንም ቢያዝዝ፣ ማንም ቢመጣ፣ እኔ እስክመለስ ያቺን ጨርቅ ከግድግዳው እንዳታወርጃት።»

ማለች።